ሰባት ጊዜ የታጠበው ትሩፍል

እናቴ ትሩፍሉን ሰባት ጊዜ አጠበችው። ስድስቱን በሙቅ ውኃ፣ አንዱን በአፈር። አፈሩን ያመጣችው በረንዳዬ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ነው፤ ግድግዳውን እየዳበሰች ሄዳ፣ አበባዬን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ እፍኝ ሙሉ ዘግና መጣች። እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። ወጥ ቤት ብቅ ብዬ፣ ሼፋችን በሁለት እጁ የሚይዘው ያ ጥቁር ጌጥ ሳህን ላይ በጭቃ ሲታሽ ሳየው፣ ወላሂ፣ የምለው ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ደግሞ የምለው የሚጠፋኝ ሴት አይደለሁም፤ እዚህ ጀርመን፣ ዞሰንሃይም የሚባል ሰፈር ያለው ሕንጻችን ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ይመስክር።

እንዲህ ከመሃሉ ስጀምረው እናቴ ዕብድ ሳትመስላችሁ አትቀርም። አይደለችም። እንደ እሷ አእምሮዋ የተሳለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ትሩፍሉን ላስተዋውቃችሁ።

ሳክሰንሃውሰን፣ ከማይን ወንዝ ማዶ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዳቦና ጣፋጭ እጋግር ነበር። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ የፖም ወይን የሚቀዳባቸው ጫጫታ ቤቶች ናቸው፤ የእኛው ትንሽ ኩራት ቢጤ ያለበት፣ ሳህኑ ሰፊ ምግቡ ጠባብ የሆነ ቤት ነው። "ሙስሊም ሆነሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" የሚሉኝ አልጠፉም። ምድጃ እጠብቃለሁ እላቸዋለሁ። ዱቄትና ቅቤ ሐራም የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ በጓሮው በር በኩል አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ ቅርጫት ይዘው ይመጡ ነበር። ቅርጫቱ ሁልጊዜ በፎጣ የተሸፈነ ነው። ፎጣው ሲገለጥ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህብን የሚውለው ሼፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መጀመሪያ ጊዜ ጠጋ ብዬ ሳይ፣ "ለዚህ ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ሽር ጉድ?" አልኩ። ትንሽ ድንች የሚያህል፣ ጥቁር፣ ኪንታሮት በኪንታሮት የሆነ ነገር ነው። ከሰል ነው ብትሉኝ አምናችሁ ነበር። ሼፉ ግን በስሱ ሲቆርጠው ውስጡ ቡናማ ሆኖ፣ ነጭ መስመር እንደ ጅማት ተጠላልፎበት ወጣ። ሽታው ደግሞ ጉድ ነው። ዝናብ የመታው አፈር አለበት፣ የተቆላ ለውዝ አለበት፣ ወደ መጨረሻው ነጭ ሽንኩርት ሽው ይላል። ከዱቄቴ ጋር አንድ ጥግ ቆሜ ዝም ብዬ ስስበው ሼፉ አየኝና ሳቀ።

አንድ ቀን ዝናብ ይዟቸው ሽማግሌው በሩ ሥር ቆመው ቀሩ። ሻይ ሰጠኋቸውና ይኼ ነገር ከየት ነው የሚመጣው ብዬ ጠየቅኳቸው። ጀርመን ስለሚወደው ነገር ስትጠይቀው ቶሎ አያቆምም፤ እኔም እንዲያቆሙ አልፈለግኩም።

ትሩፍል እንጉዳይ ነው አሉኝ፤ ግን እንደ እንጉዳይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ብቅ አይልም፤ ዕድሜውን ሁሉ መሬት ውስጥ ነው። ወገኑን በሙሉ ቱበር ይሉታል፣ እብጠት እንደማለት ነው፤ ጥቁሩም ነጩም በዚያው ስም ይጠራል። ብቻውን መኖር አይችልም። ዛፍ ይፈልጋል፤ ኦክ ቢሆን፣ ወይም ቸኮሌት ውስጥ የሚገባውን ፍሬ የሚያፈራው ሃዘልኑስ ቢሆን። ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ይልክና የዛፉን የሥር ጫፍ እንደ ካልሲ ያለብሰዋል። ዛፉ ቅጠሉ ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ወደ ታች ይልክለታል። እሱ በተራው የዛፉ ሥር የማይደርስበት ጥግ ሁሉ እየገባ ውኃና ማዕድን ለቅሞ ያቀብለዋል። "መንገደኛው ዛፉን አይቶ እንዴት ያለ ልምላሜ ነው ብሎ ያልፋል፤" አሉኝ፣ "ታች ማን እንዳለ ማንም አይጠይቅም።"

ጫካ ገብቶ ትሩፍል መቆፈር እዚህ አገር ክልክል ነው። እሳቸው የራሳቸውን ተክለዋል። ከትልቁ የኬሚካል ፋብሪካ ጡረታ ሲወጡ ጻይልስሃይም የሚባል መንደር ጫፍ ላይ ያላቸውን ቁራሽ መሬት ሣሩን ነቅለው፣ ሥራቸው ላይ ትሩፍሉ የተለማመደባቸው ችግኞች ተከሉ። ከዚያ ዓመት ጠብቀው፣ ሌላም ዓመት ጠብቀው፣ ምንም የለም። ሚስታቸው "ጀርመን ውስጥ ከሁሉ ውዱን ቁጥቋጦ የተከለ ባል ያለኝ እኔ ነኝ" እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። እኛ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ሰው ለማጽናናት ነው፤ እሳቸው ግን ተቀምጠው እስኪሄድ ጠበቁት። ከብዙ ዓመት በኋላ ውሻቸው አንዱ ዛፍ ሥር ቆሞ መሬቱን ጫረ። ይኼን ሲያወሩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው በጣም ነው የምወደው።

እናቴ የመጣችው በፈረንጆቹ 2010 ገደማ ነው። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። መርካቶ ቅመም ተራ ዕድሜዋን ሙሉ የነገደች ሴት ናት፤ አንድ ፍሬ ኮረሪማ አፍንጫዋ ሥር አዙራ ከየትኛው አገር እንደመጣ ትነግራችኋለች፤ ከአሮጌ ጋር የተቀላቀለ እንደሆነ ለሻጩም እዚያው ትነግረዋለች። እኔ ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ የተገናኘነው በስልክ ነው። ዓይኗ እንደደከመ አውቃለሁ፤ እሷ ግን "ትንሽ ጭጋግ ነው" ነበር የምትለኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፊት ለፊቷ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ አጠገቤ ያለችውን ሌላ ሴት አቅፋ ሳመች። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ እሷም ሳመቻት። እኔ ሄጄ ስይዛት አንገቴን አሸተተችኝና "አንቺው ነሽ" አለች።

ማሻአላህ፣ እናቴ ቁርኣን የምታነብ ሴት ናት። በእሷ ዘመን፣ በእሷ ሰፈር፣ ሴት ልጅ ማንበቧ ቀላል ነገር አልነበረም። ከወሎ ጀምሮ አብሯት የኖረውን ቁርኣኗን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛው መጣች። አንድ ቀን ጠዋት ከሶላት በኋላ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ገልጣ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች ስትቀራ አገኘኋት። ጠጋ ስል ገልብጣ ነው የያዘችው። ፊደሉን አታየውም፤ በቃሏ ነው የምትወርደው። አንድ ቦታ ስትደርስ ተያዘች። ደጋገመችው፣ አልመጣላትም። ወደ ገጹ ጎንበስ አለች፣ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ። ከዚያ ከደነችውና፣ "ፊደሉን ሳላየው ልሞት ነው" አለች። አንጀቴን በላችው። የምትፈልገው ይኼን ብቻ ነው፤ ሌላ የዚህ ዓለም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።

ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። የዓይን ሞራ ነው፣ ሁለቱም ላይ፤ ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፣ ግን ባቆየነው ቁጥር ይጠነክራል አሉኝ። ቴርሚን፣ የቀጠሮ ቀን ማለት ነው፣ ሰጡን። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ባስ ውስጥ እስክንቀመጥ። ባስ ውስጥ እናቴ፣ "ዓይኔ ውስጥ ቢላ አይገባም" አለች።

"ቢላ አይደለም እማ፣ ትንሽ ነገር ናት።"

"ትንሽ ቢላ።"

መርካቶ ጎረቤቷ የነበረች ሴት ዓይኗን ከአንድ ሰው ዘንድ አስነክታ፣ የነበራትም ጭላንጭል ጠፍቶ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል ሰፈሩ ሁሉ። እናቴ እጇን ይዛ መስጊድ ስትወስዳትና ስትመልሳት ኖራለች። ታዲያ እኔ ስለ ማሽን፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጀርመን ሐኪም ባወራላት ምን ይገባታል? ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እሷ እልኸኛ፣ እኔም የእሷው ልጅ። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ሶፋ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተን ተቀመጥን።

በዚያው ሰሞን ሼፉ ትሩፍሉን እንድቦርሽለት ሰጠኝ። ቤት ስገባ እናቴ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ቀና አለች።

"ዛሬ ምን ነክተሽ መጣሽ?"

ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ናት። እጄን ሰጠኋት። አሸተተችው፣ መለሰችና አሸተተችው፣ ሻሼንም አሸተተችው። የማታውቀው ሽታ አጋጥሟት አያውቅምና ፊቷ ላይ እንደ ስድብ ሆነባት። እኔም ነገርኳት፤ መሬት ውስጥ የሚኖር፣ ግንድም ቅጠልም የሌለው፣ ከዛፍ ሥር ጋር የተጋባ እንጉዳይ ነው አልኳት።

ከሶፋው ተነሳች። "ከምአ!"

ልጅ ሆና ቁርኣን ያስቀሯት ሸኽ፣ ከምአ የምትባል ሳይዘሯት ከመሬት የምትገኝ ነገር አለች፣ እሷም ከመና ወገን ናት፣ ውኃዋም ለዓይን ፈውስ ነው የሚለውን የነቢዩን ቃል አስተምረዋት ነበር። በእኛ አገር የለችም፣ ዓረቦች ዘንድ ነው ያለችው ብለዋታል። ይኼን ሁሉ ዓመት ይዛው ኖራለች። "ለካ አንቺ ስትነኪያት ትውያለሽ! ለእናትሽ ትንፍሽ ሳትይ!"

"እማ፣ ይኼኛው ያቺ አይደለም፣ ዘመዷ ነው እንጂ።"

"ዘመድ ከሆነ ይበቃል።"

ላም አለኝ በሰማይ አልኳት፣ ጮህኩ፣ ተቆጣሁ። ባቡር ጣቢያው፣ ባንሆፉ አጠገብ ያለ የዓረብ ሱቅ ሄጄ እንኳ ጠየቅኩላት። ሰውዬው የበረሃዋ የምትመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ ያውም ነጎድጓድ የበዛ እንደሆነ፣ አሁን ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለኝ አለኝ። እናቴ የታሸገ አልፈልግም፣ ነጎድጓዱንም የሚጠብቅ ዕድሜ የለኝም አለች። የዓይን ሐኪሙን ስጠይቀው ፊቱ ነጣ፤ ከመድኃኒት በቀር ዓይን ውስጥ ምንም እንዳይገባ ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔም መሃል ላይ ቀረሁ። ባላመጣላት ቴርሚኑን አትሄድም፤ ባመጣላት ደግሞ ዓይኗ ውስጥ ልትጨምረው ነው። በመጨረሻ ይዛው፣ አሽትታው፣ ትርካ፤ ውኃውን ግን እኔ ሳልኖር እንዳታንጠባጥብ አስምላታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ለሽማግሌው ነገሩን ባጫውታቸው አልሣቁም። አንዱን መርጠው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። እኔ ሳልገባ ዓይኗ ጋ ድርሽ እንዳይል በአላህ ስም አስማልኳት። ማለች። በሩን ስከፍት ከኋላዬ፣ "ማን ቆፍሮ አወጣት?" አለች።

"የሰውዬው ውሻ ነዋ!" ብያት ባሴን ሮጬ ያዝኩ።

አፌን በቆረጠው! እናቴ የተማረችው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ወደ ኋላ ሳትል፣ ትሩፍል ውድ ይሁን ርካሽ ሳትል፣ ያለባትን አደረገች። ደግሞ ንጽሕና ወዳድ ናትና በፈላ ውኃ። አፈሩም የአበባ ማዳበሪያ ያለበት ነው። ወደ ቤት ስገባ ያገኘኋትም ያኔ ነው።

"እማ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ጨርሻለሁ፣ ይኼ ሰባተኛው ነው" አለች በኩራት። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጠበቅኩ። ፊቷ ተቀየረ። "ሽታዋ የት ሄደ?"

"በቧንቧው ወርዶ ማይን ወንዝ ገባ! አንቺ ነሽ ያጠብሽው!"

ነጭ ጨርቅ ይዛ ፈቀፈቀችው፣ ጠቀለለችው፣ በዚያ ቅመም ሲወቅጥ በኖረ ክንዷ ጨመቀችው። የሃምሳ ዓመት ነጋዴ ክንድ ነው። አንድ ጠብታ አልወጣም። የአውሮፓው ትሩፍል ደረቅ ነው። እንደገና ጨመቀች፤ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። "እንግዲህ ለእኔ አልተጻፈልኝም" ብላ ተቀመጠች። ቁጣዬ ሁሉ በኖ ጠፋ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ጨርቁን አጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች።

በማግስቱ ግን እናቴ እናቴ ናት። "ውሻ ያልነካት ካለችበት ውሰጂኝ" አለችኝ።

እሑድ ቀን በባስ ጻይልስሃይም፣ ሽማግሌው ዘንድ ሄድን። ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አልፈን፣ የፋብሪካው ጭስ በሩቅ እየታየ፣ አጥር ያለው ቦታ ደረስን። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አንሥተው ተቀበሉን። ውሻው ጮኸ።

"ታስሯል?" አለች እናቴ።

"ታስሯል እማ።"

"በደንብ?"

ሽማግሌው ውሻውን ወደ ጎጇቸው አስገብተው ዘጉበት። ከዚያ ወደ አንዱ ሃዘልኑስ ወሰዱንና፣ እዚህ ዙሪያ መኖሩን አውቃለሁ፣ የት ጋ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ውሻው ነው አሉ። ስተረጉምላት እናቴ ጓንቷን አወለቀች። የእኔን ሽርጥ ከቦርሳዬ አወጣች፣ መሬቱ ላይ አነጠፈች፣ ተንበረከከች፣ ልክ ሱጁድ እንደምትወርድ አድርጋ ፊቷን መሬት አስጠጋች። ልከለክላት ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኙኝ።

ዛፉን በጉልበቷ ዞረችው። ትቆማለች፣ ትስባለች፣ ትተዋለች። ቅመም ተራ ጆንያ በጆንያ ስትለይ እንደማውቃት ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቻኮለችም። ቅጠሉን ገለጥ እያደረገች ወደ ግንዱ ተጠጋች፣ መልሳ ራቀች። ከዚያ መዳፏን መሬቱ ላይ አሳርፋ፣ "እዚህ ጋ ናት" አለች።

በጣቷ መማስ ስትጀምር ሽማግሌው አጠገቧ ቁጭ አሉ። "ሥሩን እንዳይበጥሱት፣ እባክዎን።" እኔም ተርጎምኩ። እናቴ ቀስ አለች። አፈሩን በጣቶቿ መሃል እያሳለፈች ጥቂት ቆየችና፣ "ይኼ እንደ ሕፃን ፀጉር የሆነው ምንድን ነው?" አለች። ሥሩና የእንጉዳዩ ክር ነው አልኳት፤ እነሱ ናቸው የሚመጋገቡት። "ሱብሃነላህ" አለች፣ እጇን ሳታነሳ። ትንሽ ዝቅ ብላ ትሩፍሏን አገኘቻት። ከለውዝ ከፍ የምትል ጥቁር ነገር ናት። ሽታዋ ግን ቆሜ ያለሁበት ድረስ መጣ።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። "ውሻዬ ተፎካካሪ አገኘ በያቸው" አሉኝ። ልተርጉመው አልተርጉመው ብዬ ተረጎምኩት።

"አስተግፊሩላህ! ከውሻ ጋር አወዳደሩኝ?" ብላ ሣቀች፤ ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ስትሥቅ አልሰማኋትም። ከዚያ ትሩፍሏን እንደያዘች፣ "ማን ዘራት? በያቸው" አለችኝ።

ሽማግሌው አሰቡበት። "ዛፉን እኔ ተክያለሁ። እሱን ግን እኔ ዘራሁት ማለት አልችልም። እዚያኛው ዛፍ ሥር የለም፣ እዚህ አለ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ጠብቄያለሁ ብቻ።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ መልሱ ሸኽዋን ያስደሰተ ይመስል። ሽማግሌው ደግሞ ፊቷን አይተው ዓይኗ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ እኔም ሁለቱንም ዓይኔን ቀዶ ጥገና አስደርጌያለሁ አሉ። ከዚያ በፊት ትሩፍሉንና ጓሉን መለየት አቅቷቸው ስንቱን በመኮትኮቻቸው ሰንጥቀውታል።

"ቢላ ነው የገባው?" አለች እናቴ።

"ትንሽ ቢላ" አሉ።

"አሁንስ ያያሉ?"

"ሻሽዎ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ቢጫ አበቦች በጣም ያምራሉ በያቸው።"

እናቴ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። ያንን ሻሽ የገዛሁላት እኔ ነኝ፣ በየቀኑ ትለብሰዋለች። "አበባ አለው እንዴ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ነጭ ነው ብዬ ነበር እኮ።"

በመልሱ ባስ ውስጥ ትሩፍሏን በመዳፏ ጨብጣ መስኮቱን ይዛ ተቀመጠች። ሁለት ፌርማታ እንዳለፍን ማውራት ጀመረች። "ከምአ ከመና ናት ነው የተባልነው፤ መና እሷ ብቻ ናት አልተባልንም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"መና ሳትዘሪው የሚመጣልሽ ነው። እኔ በዚህ አገር ምን ዘርቻለሁ? አንድ ጎመን አልዘራሁ። ሐኪሙን አላሳደግኩት፣ አላስተማርኩት፤ ይኸው በቅሎ ጠበቀኝ።" ትሩፍሏን አሸተተችና ወደ ከረጢቷ አስገባቻት። "ያ ቴርሚን የምትይው መቼ ነበር?"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ስሜ ስሜ ጨረስኳት።

ትሩፍሏን በዕንቁላል ጠበስኳት። እናቴ እኔ አልነካትም፣ እጄ ማጠብ ይወዳል ብላ ወንበሯን ከጠረጴዛው አራቀች። ስትቀምስ ግን ቀስ ብላ አላመጠችና፣ "አፈር አፈር ትላለች" አለች። "ጥሩ አፈር ግን።"

ቀዶ ጥገናው እንዳሉት አጭር ነበር። እኔ ኮሪደሩ ላይ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሼ እንደገና ስጀምር፣ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ በተሽከርካሪ ወንበር አወጧት። በማግስቱ ሽፋኑን ሲያነሱላት ሐኪሙን አየችው፣ መብራቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ብርሃኑ በዝቶባት ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት እንደገባን ቁርኣኔን አምጪ አለችኝ። ፈታችው። ገለበጠችና ቀና አድርጋ ያዘችው። ያቺ የተያዘችባት ቦታ ላይ ሄዳ ፊደሉን ተከትላ ቀራችው፤ አልተያዘችም፤ እስከ ገጹ መጨረሻ ወረደች። እኔ በሩን ተደግፌ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ የጠብታዋ ሰዓት ደረሰ። ለዓይኗ በየተወሰነ ሰዓት የሚጨመር መድኃኒት ሰጥተውናል፤ እጅሽን በደንብ ታጠቢ ብለውኛል። እጅጌዬን እስከ ክርን ሰብስቤ ታጠብኩ፣ ጠርሙሱን ይዤ መጣሁ፣ አገጯን ቀና አድርጌ ጠብ አደረግኩላት። ልነሳ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

ዳቦ የሚጋግር ሰው ክንድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። ምድጃው ጥልቅ ነው፣ ብረቱ ግራና ቀኝ ነው፣ እጅሽን ስታስገቢ ስታወጪ ይልስሻል። አሮጌው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ አዲሱ ቀይ ነው። ከእሷ ደብቄው አላውቅም፤ መደበቅ አላስፈለገኝም ነበር።

"የምድጃ ነው፣ ምንም አይደል። ሁሉም ጋጋሪ አለበት።"

ወደ መስኮቱ ሳበችኝ። ከእጄ አንጓ ጀምራ ወደ ላይ፣ ጠባሳውን አንድ በአንድ በጣቷ ነካችው፤ ያንን አፈር በጣቷ ያሳለፈችውን ያህል ቀስ ብላ። ከዚያ ቀና ብላ ፀጉሬን አየች። "ሸብተሻል" አለች። "ልጅ ሆነሽ ነበር እኮ የሄድሽው።"

"እማ፣ ተይው።"

"በስልክ ሥራው ቀላል ነው ትይኝ ነበር። ሙቅ ቤት ነው ያለሁት ትይኝ ነበር።"

"ሙቅ ነዋ!" አልኳት። ቀልድ ነው። አልሣቀችም።

"እኔ ከላይ ተቀምጬ፣ በየወሩ ገንዘብ ስትልኪልኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቅጠሌን እያየ ልጅ የወለደችስ እሷ ናት ሲለኝ፣ እኔም ኮራ ስል..." ክንዴን በሁለት እጇ ያዘችው። "ታች ያለሽው አንቺ ነበርሽ ለካ።"

እንድታይ ስታገል ነው የከረምኩት፤ እኔንም እንደምታየኝ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። እንባዋ አሁን ባደረግኩላት መድኃኒት ላይ ግጥም ብሎ መጣና በጉንጯ ወረደ፤ መድኃኒቱም አብሮ ወረደ።

"እማ አታልቅሺ! መድኃኒቱን! ይኼንንም አጥበሽ ልትጨርሺው ነው እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት፣ እኔው ራሴ እየተነፋረቅኩ።

"ይታጠብ" አለች ክንዴን ሳትለቅ። "ሰባት ጊዜም ቢሆን ይታጠብ።"

ጠርሙሱን እንደያዝኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ስትጨርስ እንደገና ላደርግላት።